ግድግዳው ላይ ነጥብ ያረፈበት ፊት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ዴጆን ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭ በረዶ ይጥላል።

ከታላቅ ባልደረባዬ ከቴኦ ጋር ቤተ ሙከራው ውስጥ የምንሠራበት ካሜራ ሙቀትን ነው የሚያየው። ትኩሱ ነጭ፣ ቀዝቃዛው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከምስሉ ውስጥ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ራሱ ፈልጎ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ነጥብ ያኖርባቸዋል።

የታመሙ ሕፃናትን ትንፋሽ ከሩቅ እንዲጠብቅልን ነበር ሐሳባችን። ሕፃኑ አየር ሲስብ ከአፍንጫው ሥር ይጨልማል፤ ሲያስወጣ ይነጣል።

ከእኔ በፊት እዚያ የምትሠራው ቦሚ ነበረች። አንድ ቀን ድንገት ቀረች።

"ሥራው ሰልችቷት እናቷ ቤት ገባች" ብሎኝ ነበር ቴኦ።

ታዲያ በዚህ ብርድ ካፖርቷን ትታ?... አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

የዚያን ቀን ቴኦ ምግብ ሊገዛ ወጣ። እኔ ካሜራው ፊት ካለው ወንበር ጀርባ የተሰቀለውን ጥቁር መጋረጃ አቧራውን ላራግፍ አወረድኩት።

ካሜራው እንደበራ ነው።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ ግን ነጥቦቹ መጡ...

ባዶው ግድግዳ ላይ አረፉ። ሁለት ዓይን። አፍንጫ። አፍ።

የሰው ሙቀት ቀርቶበት እንደሆነ ለማየት መዳፌን ግድግዳው ላይ ጫን አድርጌ አነሳሁ። የእጄ ሙቀት ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ታየና ወዲያው ጠፋ።

ፊቱ አልጠፋም።

ቴኦ ሁለት ሳህን ትኩስ ኑድል ይዞ ገባ።

"ጋሼ... ግድግዳው ላይ ፊትህን አስደግፈህ ነበር?"

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ግድግዳ የምስም መሰለሽ?" ብሎ ሳቀ።

"ኮምፒውተሩ ፊት አግኝቷል።"

ሳቁ ተቋረጠ። ስክሪኑን ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

"መጋረጃውን ማን አወረደው?"

"አቧራ ስለነበረበት..."

"መልሺው።"

ጎንበስ ብዬ መጋረጃውን ሳነሳ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። የአፉ ነጥቦች ተንቀሳቀሱ። ተከፈቱ... ተዘጉ...

'ኮምፒውተር ነው፣ ይሳሳታል' አልኩ በልቤ።

ቴኦ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። በሹክሹክታ፦

"አሁን አይሆንም... ሰው አለ።"

መጋረጃውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

"ማንን ነው የምታናግረው?"

"ማንንም። ይልቅ ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።"

መጋረጃውን ጥዬ ወደ በሩ አፈገፈግሁ። እሱ ግድግዳው አጠገብ እንደቆመ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ስክሪኑ ላይ አሁን ነጥቦቹ በሁለት ፊት ላይ ናቸው፤ በግድግዳውና በእሱ።

ከግድግዳው አፍንጫ ሥር ጨለመ... ነጣ... ጨለመ... ነጣ...

በቴኦ አፍንጫ ሥር ግን ምንም ለውጥ የለም።