ሐምራዊው ሲጠፋ

«ጠፋ! ጠፋ! ኑ እዩ፣ ቀለሙ ድራሹ ጠፋ!»

ማይክ ሲጮህ በላብራቶሪው ደጃፍ የሚያልፉት ተማሪዎች ሳይቀሩ ዘወር አሉ። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣለትም፤ ሹክ ሲል እንኳ ሦስት ክፍል ይሰማዋል። ጉንዳን ግን አልጮኸችም። ቱቦውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ትንፋሿን ዋጠች። ከአንድ ሰዓት በፊት ድብን ያለ ሐምራዊ የነበረው ፈሳሽ አሁን የገለባ መልክ ይዟል።

ጉንዳን ያሏት ቁመቷ አጭር፣ እጇ ደግሞ ሥራ የማይፈታ ስለሆነ ነው። ጦስኙን ያመጣችውም እሷ ናት። አክስቷ በረንዳዋ ላይ በአሮጌ ጣሳ ተክላ፣ ጉንፋን የያዘውን ጎረቤት ሁሉ አፍልታ የምታጠጣው ቅጠል ነው። «ውሰጂና ለኪው፤ ብቻ ቅጠሌን እንዳታሳፍሪብኝ!» ብላ ነበር ስትቆርጥላት። ጉንዳን አደረቀችው፣ ፈጨችው፣ በአልኮል ዘፍዝፋ አጠለለችው። ቅጠሉ የሚፈተንበትን ሐምራዊ ዱቄት ደግሞ የኬሚስትሪው መምህር ከዩኒቨርሲቲ ለምነው፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ አመጡላቸው።

የተቆረጠ ፖም አየር ሲነካው ይጠቁራል። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች እንዲህ ያለውን ጉዳት ይከላከላሉ። ቅጠሉ ውስጥ ካሉ ሐምራዊውን ቀለም ያጠፉታል፤ በበዙ ቁጥር የበለጠ ይጠፋል። ምን ያህል እንደጠፋ የምትናገረው በፈሳሹ ውስጥ ብርሃን አሳልፋ የምትለካ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ናት።

«ሰማንያ ስምንት ከመቶ!» ማይክ ፖስተሩ ላይ በወፍራም ማርከር 88 ብሎ ጻፈ። «አንደኛ እኛ ነን፣ አለቀ! የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጡ አፋቸውን ይዘው ነው የሚቀሩት!»

ጉንዳንም ሳቀች፤ ደስታው አላስቆም አላት። ቀሪዎቹን ቱቦዎች ከመስኮቱ ደፍ ላይ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ግን አንዱን አየችው። ቅጠል ያልገባበት ማነጻጸሪያው ነው፤ ሐምራዊ እንደሆነ መቆየት ነበረበት። ታጥቦ ታጥቦ እንደለቀቀ ጨርቅ ፈዝዟል። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል በቀጥታ ታርፍበታለች።

«ማይክ፣ ይሄኛው ለምን ፈዘዘ?»

«እሱን ማን ያየዋል? ባዶ ነው እኮ!»

«ባዶ ስለሆነ ነዋ! ቅጠል ከሌለበት ምን አጠፋው? ፀሐይዋ ናት። የኛንም ግማሹን ያጠፋችው እሷ ትሆናለች።»

ማይክ ድምፁን ቀነሰ፤ ይህ ብርቅ ነው። «ስሚኝ፣ ኪስሽ ክተቺው። የቀረን አንድ ሰዓት ነው። ደግመነው ጦስኙ ምንም ባይሠራስ? ጉድ ሆንን ማለት አይደል?»

ባይሠራስ? ጉንዳን አክስቷን ምን ትላታለች? ቱቦውን በመዳፏ ደብቃ ይዛ ቆመች። ግን አንድ ጥያቄ እንደ ትንኝ ጆሮዋ ላይ ይጮህ ጀመር፦ ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው? ሳታውቀው እግሯ ወደ መምህሩ ወሰዳት።

«ቲቸር፣ ተሳስተናል።»

መምህሩ ቱቦውን አገላብጠው አዩና ብልቃጧን አነሱ። «ለአንድ ዙር ብቻ ትበቃለች። እሱም ከተበላሸ ለዳኞቹ የምታሳዩት ነገር የለም። እናንተ ወስኑ።»

«እንድገመው» አለች ጉንዳን።

ማይክ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «እሺ በቃ፣ ገደልም ከሆነ አብረን እንግባ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ማይክ ጠብታ እየቆጠረ፣ ጉንዳን እየጨመረች ቱቦዎቹን ሞሉ። በፎይል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጉባቸው። ሠላሳ ደቂቃ! ማይክ በየሁለት ደቂቃው «አሁንስ?» ይላል። ጉንዳን በሩን ተደግፋ ትከለክለዋለች፤ የራሷን ጥፍር ግን በጥርሷ ልትጨርሰው ነው።

ፎይሉ ሲገለጥ ማነጻጸሪያው እንዳለ ነው፤ ጥርት ያለ ሐምራዊ! ጦስኙስ? ቢጫ ሊሆን ሲል የቀረ፣ ደብዘዝ ያለ ነገር። መሣሪያዋ ውስጥ ከተቱት። ጉንዳን ወረቀት ላይ አሰላች፤ አላመነችም፣ ደግማ አሰላች።

«ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድ ብቻ?»

«ስልሳ አንድ እኮ ነው! ያለ ፀሐይ እርዳታ፣ ብቻውን! ይሠራል ማይክ፣ ቅጠሉ እውነትም ይሠራል!» ብላ እየዘለለች ስትጮህ፣ በተራው ማይክ ጆሮውን ያዘ።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ማይክ ተሯሩጦ 88ን ሰረዘና ከጎኑ 61 ጻፈ። ስርዙ ፖስተሩ መሐል ተጋድሞ ዓይን ይወጋል።

«ወረቀት ልለጥፍበት?»

«ተወው። ለምን እንደተሰረዘ እንነግራቸዋለን።»

«ኧረ እኔ ይሄን አላወራም! ማን ሊያወራው ነው?»

በሩ ተንኳኳ። ጉንዳን የእጇን ላብ በቀሚሷ ጠረገችና ማይክን አልፋ ከፖስተሩ ፊት ቆመች።

«ይግቡ» አለች።