ቢጫው ባንዲራ በየት በኩል ነው?

የጎልፍ አሠልጣኙ ሜንግ ቴሺክ በመለማመጃው አሥራ አራተኛ መምቻ ቦታ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የተመታው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። አጠገቡ የተጣለው ሰባት ቁጥር ዱላ የተማሪው የቢዮን ሃሪም ነው፤ ሬሳውን ያገኘችውም፣ ፖሊስ የጠራችውም እሷው ናት። የቾንግጁ ከተማ ወጣት ፖሊሶች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ካቴና አውጥተዋል። መርማሪ ኦክ ሚሱክ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ጮኸችባቸው።

«ቆዩ እስቲ! ምን ያንቀዠቅዣችኋል?»

እንዲህ የምትለው ሴትዮ ራሷ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ናት። ሬሳውን ሁለቴ ዞረችው፤ አጠገቡ የቆመውን የማስተማሪያ ሰሌዳ አነበበች፤ እንደገና ዞረችው። ሰሌዳው ላይ «ሃሪም፦ ቢጫው ባንዲ» ተብሎ ተጽፎ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ሳትጻፍ ቀርታለች። ምንጣፉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ተማሪ እግሩንና ኳሱን ወደ ዒላማው የሚያስተካክለው በነሱ ነው። ሚሱክ ተንበርክካ አንደኛውን በብዕር ጫፍ ቀና አደረገችው። ከላዩ ንጹሕ ነው፤ ከሥሩ ምንጣፉ ላይ የደም ጠብታ አለ። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም በሸራ አስሸፈነችው።

ሃሪም ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«እባክዎ፣ አራት ሰዓት ላይ ካልተነሳሁ አልደርስም። ስድስት ሰዓት ላይ የፕሮፌሽናል ፈተና አለብኝ።»

«ሰው ሞቶ ስለ ፈተና ታወሪያለሽ?»

«ሰባተኛዬ ነው! የመጨረሻዬ እንደሚሆን ለእናቴ ምዬላታለሁ። ፕሮ ሜንግ ራሱ ነው በጠዋት ነይና አቋቋምሽን እንየው ያለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ወድቋል።»

«ዱላሽስ?»

«ቦርሳዬን እዚሁ ነው የማሳድረው። ማንም ያነሳዋል።»

ማንም የሚባለውም ብዙ አይደለም። በዚያ ሰዓት በሩን የሚከፍት ካርድ ያላቸው፣ ከሟቹ ሌላ፣ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሃሪም፣ የቦታው ባለቤት ፕዮ ጆንግዱ እና አንጋፋው ተማሪ፣ የጥርስ ሐኪሙ ታክ ዶንጊል።

ፕዮ ጎማ ቡትስ እንዳደረገ መጣ።

«ጎልፍ? እኔ? ዱላ ጨብጬም አላውቅ፣ እህቴ። ሥራዬ ኳስ መልቀምና ባንዲራ መትከል ነው።»

«ከፕሮ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ማን ነው ከሱ ጋር ያልተጣላ? ምንጣፍህ አርጅቷል እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የኖረ። ይልቅ ዶክተሩን ጠይቂ! ፕሮ የሱን የኳስ አመታት በቪዲዮ አውጥቶ ‹አሥራ አንድ ዓመት ያልታረመ ስህተት› ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈበት። ፊቱን ሸፍኖታል፤ ግን ያንን አቋቋም የማያውቅ የለም። ታካሚዎቹ ሳይቀሩ አፋቸውን እንደከፈቱ ይስቁበት ጀመር።»

ዶክተር ታክ የደረሰው ሬሳው ከተሸፈነ በኋላ ነው። መነጽሩን እየጠረገ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ቪዲዮው ቀልድ ነው። እንደ ወንድሜ ነበር። ልጅቷ ግን ያሳዝናል፤ ጭንቀት ሰውን ምን የማያደርገው አለ? ዘንጎቹን ዘርግቶ ሲያርማት ተናዳ መሆን አለበት።»

ሚሱክ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሦስቱንም ዘጠነኛው መምቻ ቦታ ላይ ሰበሰበቻቸውና ሁለት ዘንጎች ወለሉ ላይ ጣለች።

«ዒላማችን ቢጫው ባንዲራ ነው። እያንዳንዳችሁ አስተካክሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሃሪም ኋላ ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፍና ባንዲራውን አየችና ዘንጎቹን ከምንጣፉ ጠርዝ ወደ ግራ አዙራ ዘረጋች። ፕዮ እያጉተመተመ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ አጣመመ፤ ቢሆንም ባንዲራውን የሚተክለው እሱ ነውና ሁለቱም ወደ ግራ አዘነበሉ። ታክ ግን እግሩን ገጥሞ ቆመ፤ ዘንጎቹን ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠና ቀና አለ።

«ይኸው።»

«ዶክተር፣ እስቲ ከኋላ ሆነው ይዩት። የሚያመለክተው ወዴት ነው?»

«ወደ ባንዲራው ነዋ።»

«ወደ አጥሩ መረብ ምሰሶ ነው!» ሃሪም ሳታስበው አመለጣት። «ባንዲራው በግራ ነው። ፕሮ ሁልጊዜ ምንጣፉ ይዋሻል፣ ባንዲራውን እዩ ይለናል። አመታት የሚበላሸው ዱላው ሳይነሳ ነው ይላል።»

ሚሱክ ወዲያ ወዲህ ማለቷን አቆመች።

«ልክ ነሽ። አሥራ አራተኛው ላይ ያሉትም ዘንጎች የሚያመለክቱት ወደ ምሰሶው ነው። ሰሌዳው ግን ቢጫው ባንዲራ ይላል። ፕሮ ሜንግ እንዲያ አይዘረጋም። ደሙ ደግሞ ከዘንጉ ሥር ነው፤ ስለዚህ ዘንጎቹ የተቀመጡት ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነው። ገዳዩ የሃሪምን ዱላ አንስቶ መታው፤ ከዚያ ትምህርት ላይ የነበሩ እንዲመስል ዘረጋቸው። ሃሪም እንዲህ አትሳሳትም። አቶ ፕዮ ይሳሳታሉ፣ ግን እንዲህ አይደለም። እርስዎ ደግሞ፣ ዶክተር፣ በሸራ የተሸፈነውን ዘንግ መቼ አዩት?»

ታክ ዘንጎቹ ላይ አፍጧል።

«ቀጥ ያለ ነው እኮ» አለ። «እዩት እንጂ! ቀጥ ያለ ነው!»

ወጣቶቹ ፖሊሶች ወደሱ ጠጋ አሉ።

«ቪዲዮውን አውርድልኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ታክ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ ስለው ኖሬ፣ ዛሬ አንዴ ለመንኩት። ‹መጀመሪያ በትክክል ቁምልኝ› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መጻፉን ቀጠለ።»

ካቴናው ታክ እጅ ላይ ሲገባ አራት ሰዓት ከአሥር ሆኗል። ሚሱክ የሃሪምን ቦርሳ በገዛ እጇ አንጠልጥላ ወደ መኪናዋ ሮጠች፤ ልጅቷም ተከተለቻት። ሚሱክ ሳይረኑን ከፍታ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣች። ሃሪም ጠዋቱን ሙሉ አልገደልኩም እያለች ስትሟገት ነው ያረፈደችው።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ፕሮ እኮ ሞተ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ሚሱክ የነዳጁን መርገጫ ረገጠችው።

«አልቅሺ፣ እህቴ» አለቻት። «መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»