በታብሌቱ ውስጥ የቆመችው

አታምኑኝም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ግን በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛችን ላይ ተዘርግታለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ...

እኔና ወንድም ጋሼ ስልክና ታብሌት እያወዳደርን ለገዢዎች የምንጽፍ ሰዎች ነን። እማዬ በሕይወት እያለች "ልጆቼ ተምረው ስልክ ጠባቂ ሆኑ" እያለች ትስቅብን ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት መሞከሪያ እንከፍታለን። አንድ ባዶ ቤት ይታያል። ቤቱን የሚስለው የመሣሪያው ምስል ሠሪ ክፍል፣ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ነው። ደካማው ጥላውን ይዘለዋል፤ ጎበዙ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር ይስላል።

አንድ ሕግ አለን። ከሙከራ በፊት መሣሪያው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ካልሆነ ውጤቱ አይታመንም።

እማዬ በሞተች በሁለተኛው ወር አሮጌ ስልኳን ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። እጄ የለመደውን አደረገ።

ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ።

ፎቶዎቿ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቦታ አንድም የለም። ሰው ሊያነሳት ሲል "ሌላ የምታነሱት አጣችሁ?" ብላ ትሸሻለች። እዚያ ያሉትን ብቻዋን ስትሆን፣ ተደብቃ፣ ራሷ ናት ያነሳቻቸው።

ለወንድም ጋሼ አልነገርኩትም። እሱ "ሐዘኑ ይብረድልኝና አያቸዋለሁ" ይላል። እኔ ደግሞ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ድምጿ አለ፣ የእጇ ሙቀት አለ... ፊቷ የለም።

ያን ቀን ሦስት መሣሪያ ደረደርን። ርካሽ ስልክ፣ መካከለኛ ስልክና አዲስ ታብሌት።

ርካሹ ላይ ቤቱ ባዶ ነው።

መካከለኛው ላይ... ወለሉ ላይ ጥላ አለ።

"ይሄ የምን ጥላ ነው?" አልኩ።

"የመስኮቱ ይሆናላ።"

"መስኮት ትከሻ አለው እንዴ?"

ጎንበስ ብሎ አየው።

ታብሌቱን ከፈትነው።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። የግራ ጫማዋን ተረከዝ ረግጣዋለች...

"እማዬ ናት" አለ ወንድም ጋሼ በሹክሹክታ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ታብሌቱ ይግላል። በሰከንድ ስልሳ ምስል የሚስለው ወደ ሃያ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ። እሷም ቆም እያለች ትዞራለች።

"ጥራቱን ልቀንሰው፤ በሙቀት ሊጠፋ ነው።"

እጁን ያዝኩት። "ከቀነስከው እሷም ትሄዳለች። ተው ወንድም ጋሼ... ፊቷን ልይ።"

"ፎቶዋ አለ አይደል? ምን አስጨነቀሽ?"

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ።

"የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለሙከራ ብዬ።"

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ብቻ ከእጄ አወጣ።

ያኔ ዞረች።

ፀጉሯ አለ። ጆሮዋ አለ። አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር አለ። ፊቷ ግን... ግራጫ ነው። ልሙጥ። ፕሮሰሰሩ የሚስለው ምስል ሲጠፋበት ባዶውን እንዲህ በግራጫ ይሞላዋል። ግድግዳ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰው ላይ ግን አይቼ አላውቅም።

ሁለት እጇን አንስታ ፊቷን ዳሰሰች። ከግንባሯ እስከ አገጯ። እንደገና ዳሰሰች።

"እማዬ... ይቅር በይኝ" አልኩ።

የሰማችኝ አትመስልም። ተንበረከከችና ወለሉን በመዳፏ መዳበስ ጀመረች፣ መርፌ እንደወደቀባት ሰው።

ወንድም ጋሼ እያለቀሰ ታብሌቱን አጠፋው።

"ተመልከት..." አልኩት።

ርካሹ ስልክ ላይ ነች። ጥላ እንኳ መሳል የማይችለው ላይ። ወለሉን እየዳበሰች፣ እየዳበሰች ወደ እኛ መጣች። መዳፏን ከውስጥ መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

መስታወቱ ላይ የእኔ ፊት ተንጸባርቆ ይታያል።

ጉንጬን... አፍንጫዬን... ቀስ ብላ መዳሰስ ጀመረች።