ከሰሌዳው ፊት

ያዚኒ ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን ደጋግማ ታጠበች። ልቧ ግን አልረጋ አለ። ከመጸዳጃ ቤቱ ማዶ፣ በሂሳብና ሳይንስ ልዩ ክፍል ውስጥ፣ እንደ እሷ ለጉብኝት የመጡ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ይከራከራሉ። እሷ መልሱን ያወቀችው ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ ነው። ነገር ግን መምህሩ «ማን ይሞክረዋል?» ብለው ዓይናቸው እሷ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ አጠራት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ባለፈው የበረዶ ወራት ፈተና በደረሰ ቁጥር እህል አልቀምስ ስትል እናቷ አብራት ስትጨነቅ ከርማለች። የትምህርት ቤታቸው አማካሪም ለእናቷ ደውለው፣ ለዚህች ልጅ የሚሻላት እዚያው ስካርቦሮ ሰፈራቸው ያለው የሥዕል ክፍል ነው፣ እዚያ ውድድር የለም ብለዋት ነበር። ሁለቱም ክፍሎች ለዘጠነኛ ክፍል ያዚኒን ተቀብለዋታል፤ እስከ ዓርብ ምርጫዋን ማሳወቅ አለባት። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ለሥዕሉ ያለቀ ይመስላል። ስለ እሷ ሲያወሩ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳሉ። በጣም የሚያናድዳት ይሄ ነው። ሥዕል አትጠላም። ግን ሥዕል እንቅልፍ ነስቷት አያውቅም። ሂሳብ ግን ብዙ ጊዜ ነስቷታል፣ በደስታ።

በሩ ተከፈተ። ጎብኚዎቹን የምታስተናግደው የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ኬዛያ ነበረች፤ የያዚኒን ቦርሳ ይዛለች።

«አሞሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?»

ያዚኒ መዋሸት አማራት። «ፈርቼ» አለች።

«እኔ መጀመሪያ ሰሞን ክፍል ውስጥ አስመልሶኛል። ሁሉም እያየኝ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ።»

«አሁንስ ተወሽ?»

«ኧረ አልተወኝም። ግን እዚህ ማንም አይገረምም፣ ግማሹ ክፍል እንደኔ ነው። ከፈለግሽ ውጭ የምትጠብቅሽ እናትሽ ጋ ላድርስሽ። ከፈለግሽ ደግሞ እንመለስ።»

ያዚኒ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ክፍሉ ቀድማ ተመለሰች።

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ነጭና ጥቁር ቤቶች ከተፈራረቁበት የዳማ ገበታ ላይ በሰያፍ የሚተያዩት ሁለት የማዕዘን ቤቶች ቢቆረጡ፣ የቀረውን እያንዳንዳቸው ሁለት ተጎራባች ቤት በሚሸፍኑ ካርዶች ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል? ልጆቹ ይሥላሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይሥላሉ። ያዚኒ እጇን አወጣች። ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ማርከሩ ከጣቶቿ አመለጣት። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«አይቻልም» አለች በቀጭን ድምፅ። «አንድ ካርድ ሁልጊዜ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቤት ነው የሚሸፍነው። የተቆረጡት ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው። ምንም ብናደርግ ሁለት ጥቁር ይተርፋል።»

ከኋላ አንዱ ወረቀቱን ጨምድዶ «በናታችሁ፣ እኔ እኮ ስሥል ነው የዋልኩት» ሲል ሁሉም ሳቁ። ያዚኒም ሳቀች። መምህሩ ፈገግ ብለው፣ እሺ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ከፈለግነው ቦታ ብንቆርጥስ ብለው ጠየቁ።

ይሄንን አላወቀችውም። ከሰሌዳው ፊት፣ ሁሉም እያያት፣ መልሱን ሳታውቅ ቆማለች። ሩጪ ሩጪ ግን አላላትም። «አላውቅም» አለች፤ «እንሞክረው?» ወረቀቱን የጨመደደው ልጅ ተነስቶ መጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ አልቀረም ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፣ ሸሽታ መውጣቷን ጭምር። እናቷ ይሄኔ የአማካሪውን ምክር አነሳች።

«እማ፣ እኔ እኮ የትም ብሄድ እፈራለሁ» አለች ያዚኒ። «ሂሳቡ ጋ ግን የምፈራው ለምወደው ነገር ነው።»

«ብትታመሚብኝስ?» አለች እናቷ።

«እነግርሻለሁ። አልደብቅሽም። አንቺ ደግሞ ስለ እኔ ስታወሪ አታንሾካሹኪ።»

እናቷ ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣት። ስልኳን አውጥታ የምርጫውን ገጽ ከፈተችና ጭኗ ላይ አኖረችላት። «አንቺው ተጫኚው» አለች።

ያዚኒ የሂሳቡን ክፍል ተጫነች። ከዚያም ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ የምትመላለስበትን መንገድ በመስኮቱ ማየት ጀመረች።