ግሱ እስኪመጣ

ሱሀይር እናቷ የሞተች ለት አላለቀሰችም። የሰደቃው ለትም አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ዓይን ዓይኗን እያየ ሲጠብቅ እሷ ሰሃን ታነሳለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ የድንኳኑን ወንበር ትደረድራለች። ሴቶቹ ልጅቷ ደንግጣለች አሉ፤ ቁርአን ይቀራባት አሉ፤ ተቀራባት። ዝም ብላ ሰማች፣ አመስግናም ተነሳች።

አባቷ ሐምዱ እህል በረንዳ ጤፍ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። ሰው ፊት ይናገራል፤ ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም። አባትና ልጅ አንድ ገበታ ቀርበው፣ የእናቷን የሐዋን ስም አንዴም ሳያነሱ፣ እጃቸውን ታጥበው ይለያያሉ። ይህ ሱሀይርን አልከበዳትም። የሚከብዳት ነገር አልነበረም። ጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆና ነበር፤ ቢነኳትም ባይነኳትም ያው ነው።

በዚያ ዓመት አስራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የፊዚክስ መምህሯ ካሳ በወጣትነታቸው ጃፓን አገር የተማሩ ሰው ናቸው። ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ ለፈለገ ሁሉ ጃፓንኛ በነፃ አስተምራለሁ ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። አብዛኛው ተማሪ የሄደው ለወሬ ነው። ሱሀይር የሄደችው ቤት የምትገባበትን ሰዓት ስለሚያዘገይላት ነበር። ከተቀመጠች በኋላ ግን ቋንቋው ተመቻት። በጃፓንኛ አይዞሽ ያላት ሰው የለም። አላህ ይዘንላት ያላትም የለም።

ካሳ የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን እንዳይፈሩ መከሯቸው። እንደ አማርኛችን ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስኪጨርስ መታገስ ብቻ ነው አሏቸው።

ፈርሀት የመጣው ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። አባቱ ጋሼ ሙናዊር ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ዕቃው ያገለገለ ሆኖ ከጃፓን ነው የሚገባው። ልጁ ከአንድ መኪና የኋላ በር ላይ የነቀለውን ቢጫ ምልክት በእጁ ይዞ ገባና ምን እንደሚል ካሳን ጠየቃቸው። አባቱ ለደንበኛ ሁሉ «አንደኛ ደረጃ፣ ኦሪጅናል» ማለት ነው እያሉ በሩን ሊሸጡት ነበር።

ካሳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሳል ሳል አደረጉ።

«ሕፃን ተሳፍሯል፣ ነው የሚለው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ፈርሀት ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ለማንም እንደማትናገር ሁሉ፣ «ልጁ ይሄኔ አድጓል» አለች።

ፈርሀት ዞሮ አያት። ሱሀይር ዓይኗን አልሰበረችም፤ ፈገግም አላለች። እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው። በሚቀጥለው ትምህርት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ቤታቸው በአንድ አቅጣጫ ስለነበር አብረው መመለስ ጀመሩ። ፈርሀት አንድ ሕግ አወጣ፤ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አትክልት ተራ ድረስ አማርኛ ክልክል ነው። የሚያውቁት ቃል አንድ እፍኝ አይሞላም። ሽንኩርት ሲያዩ ሽንኩርት ይላሉ። ተሸካሚ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ ሲመጣባቸው ሰው፣ ከባድ፣ ትልቅ ይላሉ። ፈርሀት በአማርኛ ወሬኛ ነበር፤ ነጋዴ አባት ያሳደገው ልጅ አፉ አይያዝም። በጃፓንኛ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ቆም ይላል፣ ግንባሩን ያሻል፣ ያልበዋል። ሱሀይር ስትጠብቀው ቆይታ ታርመዋለች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ያን ያህል የተናገረችው ከማንም ጋር አልነበረም።

የቤተሰብ ትምህርት የደረሰ ቀን ካሳ ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ጻፉና ተማሪዎቹ እየተነሱ እንዲሉት አደረጉ። ተራው ሱሀይር ጋ ደረሰ። ካሳ ዘለው ለማለፍ እጃቸውን አነሱ፤ እሷ ግን ቆማ ነበር።

«ሃሃ ዋ ኢየ ኒ ኢማስ።» እናቴ ቤት ናት ማለት ነው።

በክፍሉ የእናቷን ሞት የማያውቅ አልነበረም። እሷ ተቀመጠች፤ ደብተሯን ገለጠች። ፈርሀት ከጎኗ ሆኖ እያያት ነበር፤ እሷ ምሳሌውን ከሰሌዳው መገልበጥ ጀመረች።

በመንገድ ላይ ምንም አላነሳባትም። አትክልት ተራ ሊደርሱ፣ የቲማቲም ሳጥን የሚያወርድ መኪና መንገዱን ዘግቶባቸው ሲቆሙ፣ ራሷ ተናገረች።

«ሃሃ ዋ ኢማሰን።» እናቴ የለችም።

ፈርሀት የሚያጽናና ቃል ፈለገ። ካሳ ያን ትምህርት ገና አላስተማሩም ነበር። «ሶ ዴስ ካ» አለ፤ እንዲህ ነው፣ እንደማለት። መኪናው እስኪነሳ አጠገቧ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሱሀይር ያን አቋቋሙን ታስበው ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረም፤ ማሰብ ብቻ ነበር።

የማትሪክ ፈተና ካለፈ በኋላ የፈርሀት የጉዞ ቀን ተቆረጠ። ጃፓን አጎት አለው፤ አሮጌ መኪና እየፈታ ዕቃ የሚልክ ግቢ ከአንድ ጃፓናዊ ጋር በሽርክና ይዟል። ጋሼ ሙናዊር ልጃቸው እዚያ ሄዶ ሥራውን እንዲለምድ ፈለጉ። ፈርሀት ይህን ለሱሀይር የነገራት ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በተደረደሩ ኮፈኖች መካከል ነው። በአማርኛ ነገራት።

«አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። ላባቴ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሱሀይር ወደ ውስጧ ገብታ ፈለገች። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ሰዓት ሊኖራት የሚገባውን ሁሉ፣ ደረት መምታቱን፣ ጉሮሮ መድረቁን፣ አንድ በአንድ ፈለገችው። አጣችው።

«ሂድ» አለችው።

«ምንም አይሰማሽም?»

«አይሰማኝም። ስላንተ ብቻ አይደለም። ስለሁሉም ነው። ልዋሽህ አልፈልግም።»

ፈርሀት ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ ተሳፈረ። ሱሀይር ያን ቀን ልብስ ስታጥብ ዋለች፤ አውሮፕላኑ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ አወቀችው፤ ሲያልፍም አወቀችው።

መጀመሪያ ላይ መልእክት ይልክላት ነበር። እሷም ትመልሳለች፤ ደህና ነኝ፣ ዝናብ ነው፣ አባቴ ደህና ነው። እሱ ያስቸገራት መሰለው፤ ቀስ በቀስ ተወው። እሷ ደግሞ የረሳት መሰላት፤ አልፈረደችበትም።

ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ጋሼ ሙናዊር የዕቃውን ጽሑፍ የሚያነብላቸው አጡ። ሐምዱን አስፈቅደው ሱሀይርን ሱቅ አስገቧት። ካሳ ዘንድ መማሩን አላቋረጠችም ነበርና ብዙ ታውቃለች። ራዲያተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ታነባለች፤ ከግቢው ጸሐፊ ጋር በስልክ ትነጋገራለች። ደላሎቹ ጃፓኗ ይሏታል። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ጋሼ ሙናዊር ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ ትደረድራለች። ለምን እንደምትገባ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ረፋድ ላይ የጋሼ ሙናዊር ስልክ ጠራ። የጃፓኑ ግቢ ጸሐፊ ነበረች። አጎትየው ለሥራ ሌላ አገር ሄዷል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቤተሰብ ደወለች። ጋሼ ሙናዊር የሴት ድምፅ ሲሰሙ ስልኩን ለሱሀይር አቀበሏት።

ሴትየዋ ይቅርታ ጠየቀች። ደግማ ጠየቀች። ሱሀይር መርዶ ነጋሪ እንዴት እንደሚጀምር ታውቃለች።

«ፈርሀት ሳን ዋ» ብላ ጀመረች ሴትየዋ፤ ፈርሀት ማለቷ ነው። ዛሬ፣ ሞተር ሲያወርዱ፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ፣ ከሥሩ ቆሞ ስለነበረ፣ በአምቡላንስ፣ ትልቁ ሆስፒታል… ቃሉ ይቀጥላል፤ ግሱ አይመጣም። ሞተም ሊሆን ይችላል፣ ተረፈም ሊሆን ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ የሚታወቅ አልነበረም። ጋሼ ሙናዊር ፊት ለፊቷ ቆመው ፊቷን ያነባሉ። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታ ነበር።

ቀኝ እጁን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ፣ ተርፏል።

«በሕይወት አለ» አለች ሱሀይር፤ ከሁሉ በፊት እሱን። ከዚያ ቀሪውን አስረዳቻቸው፤ የሆስፒታሉን ስም ጠይቃ ያዘች፤ ሴትየዋን አመሰገነች። ስልኩን ባንኮኒው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ወለሉ ላይ፣ በሁለት የመኪና በሮች መካከል ቁጭ አለችና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን አልቆም አለ። ለእሱ ይሁን ለእናቷ መለየት አልቻለችም። እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ ደም ሲመለስበት የሚወጋው ሁሉ ባንዴ ወጋት።

ጋሼ ሙናዊር የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት። ከደጅ ቆመው፣ ለመጣ ገበያተኛ ሁሉ ዛሬ የለም እያሉ መለሱ።

ፈርሀት ስልክ መያዝ ሲችል የደወለችው እሷ ናት። እንዴት ሰማሽ አላት፤ ላባትህ የነገርኩት እኔ ነኝ አለችው።

«ሂድ ያልኩህ ጊዜ እውነቴን ነበር» አለች። «ምንም አይሰማኝም ነበር። አሁን ይሰማኛል። ያማል። ና።»

ትንፋሹ ይሰማታል።

«እጄን አላየሽውም» አላት።

«ስትመጣ አየዋለሁ።»

የቆሰለው ሲደርቅለት መጣ። ሽማግሌ ተላከ። ሐምዱ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበላቸው፤ መልሱን ግን አላስቸኮለም። ሰዎቹ ሲሄዱ ሱሀይርን ጠርቶ፣ በዚያ እጁ ምን ሠርቶ ያኖርሻል ብሎ ጠየቃት። እሷ ሁለታችንም እንሠራለን አለች። ሐምዱ የመስጊድ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሐዋ ብትኖር ምን ትል ነበር?»

ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ሱሀይር አሰበች።

«እጁን አገላብጣ ታየው ነበር። ከዚያ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ፣ ቁጭ በልና ብላ ትለው ነበር።»

ሐምዱ ሳቀ፤ ልክ እንደዚያ ነበረች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ሱሀይር ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። እስኪመሽ ድረስ ስለሐዋ አወሩ።

ኒካሁ በረመዳን ዋዜማ ተፈጸመ። ድንዛዜው ጨርሶ አልለቀቃትም፤ አንዳንድ ጠዋት ምንም ሳይኖር ይመጣና ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። ፈርሀት ያውቀዋል። ምን ሆንሽ አይላትም፤ ሱቁን ብቻውን ይከፍትና በምሳ ሰዓት ምግብ ይዞላት ይመጣል። እሷም የሱን ታውቃለች። ሸሚዙን ሲለብስ አታግዘውም፤ በግራ እጁ ታግሎ እስኪጨርስ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቀዋለች።

አንድ ቀን የላይኛው ቁልፍ እምቢ አለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ እጁን አወረደና ወደሷ ዞረ።

«ቆልፊልኝ» አላት። ከዚያ በፊት ለምኗት አያውቅም።

ቀርባ ቆለፈችለት። ከታች፣ ከሱቁ ደጃፍ፣ የቀጠሮ ደንበኛ ስሙን እየጠራ ነበር። ፈርሀት አልመለሰም። እሷም እጇን ከደረቱ ላይ ሳታነሳ ቆየች።