የድንኮቹ ሁለት ጌቶች

እኔ የዛርና የጋኔን ወሬ ሲነሳ ኩታዬን ሰብስቤ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ሽሮ ሜዳ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ ሸማኔ ነኝና በእጄ ካልዳሰስኩት ነገር ውጭ ብዙም የማምነው አልነበረኝም። ስለዚህ አሁን የማወጋህን ስትሰማ "ሰውዬው ጃጅቷል" እንዳትለኝ፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም።

ጊዜው ቀይ ሽብር ነው። ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ተማሪ ነበር፣ እየፈለጉት ነው የሚል ወሬ ስሰማ ከቤት አወጣሁትና እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ካለች አንዲት ዋሻ ደበቅሁት። ዋሻ ስልህ ትልቅ እንዳይመስልህ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት ናት፣ ጀርባዋም ድፍን ዓለት ነው። በየሁለት ቀኑ ቅጠል ለቃሚ መስዬ ዳቦና ቆሎ በጆንያ ውስጥ ሸሽጌ እወጣለሁ፣ አጠገቡ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ማርቆስ የለም። ጋቢው አለ፣ የውሃ ጣሳው አለ፣ እሱ የለም። ጭጋጉ ደግሞ የገዛ እጅህን የማያሳይ ዓይነት ነበር፣ በሹክሹክታ ጠራሁት፣ መልስ የለም። ወጥቼ ልፈልገው ብድግ ስል ድምፅ ሰማሁ። ቂው... ድም። ቂው... ድም። አንዱ ብረት ላይ እንዳረፈ መዶሻ ጥርት ያለ፣ አንዱ አፈር እንደሚመታ የታፈነ፣ ተራ በተራ። ድንጋይ ፈላጮች ናቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ግን ድምፁ ከውጭ አልነበረም፣ ጆሮዬን ዓለቱ ላይ ስለጥፍ ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ።

ወደ እግሬ ሳይ ደግሞ ጭላንጭል አለ። እመነኝ፣ ዓለቱ ሥር ከጉልበቴ የማይበልጥ ቀዳዳ ተከፍቷል፣ እዚያ ዋሻ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼበት አላውቅም። ወንድሜ በዚህ ገብቶ ይሆናል ብዬ በደረቴ ተስቤ ገባሁ።

ውስጡ ሰፊ ነው። ሰዎች አሉ፣ ቁመታቸው ከወገቤ አያልፍም፣ ሕፃናት እንዳልላቸው ጢማቸው እምብርታቸው ደርሷል። ድንኮች ናቸው። ግማሾቹ አንዲት ኩራዝ ከበው ይቀጠቅጣሉ፣ ግማሾቹ መብራቱ የማይደርስበት ጥግ ሄደው፣ ፊታቸውን ለጨለማው ሰጥተው ይቀጠቅጣሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻውን መሀል ቆሟል፣ ልክ ብርሃኑና ጨለማው የሚለያዩበት ላይ፣ ከፊቱ የሚታየኝ አንድ ጎኑ ብቻ ነው።

"ወንድሜን ፈልጌ ነው አባባ፣ እዚህ ሲገባ አይተዋል?" አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አልመስል ብሎኝ።

"አይተነዋል" አለ። በአማርኛ ይሁን በእናቴ ጋሞኛ ያናገረኝ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ብቻ ገባኝ። "ከሁለቱ ከማን ትለምነዋለህ?"

"ከየትኞቹ ሁለት?"

"ከጌቶቹ ነዋ። አንዱ የሚታየውን ሠራ፣ አንዱ የማይታየውን ሠራ። አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ አንዱ ሌላውን አያሸንፍም። እኛ ለሁለቱም እኩል እንመታለን። የሚለምን ሰው ግን ከአንዱ ነው የሚለምነው፣ የሰጠው ጌታም የሰጠውን አይረሳም።"

"እኔ የማውቀው አንድ አምላክ ነው" አልኩና አማተብኩ።

አልተቆጣም። "እወቀው፣ ማን ከለከለህ። ወንድምህን ከማን ትለምናለህ?"

ይኸኔ ከውጭ የሰው ድምፅ መጣ። ታጣቂዎች ናቸው፣ እኔኑ ተከትለው መሆን አለበት። "እዚህ ጋቢ አለ" ሲል አንዱን በደንብ ሰማሁት፣ የጠመንጃ ሰደፍም ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። የባትሪ መብራት በቀዳዳው ሾልኮ ገባና ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ ወደ እግሬ እየተሳበ መጣ። ክርስቲያን ነኝ፣ "ከብርሃኑ" ልል አፌን ከፍቻለሁ፣ ግን ያ የሚሳበው ብርሃን የማርቆስ ገዳይ ሆኖ ታየኝ፣ በቃ፣ "ከጨለማው" አልኩ።

መዶሻዎቹ ቆሙ። ከዚያ የታፈነው ብቻ አንዴ መታ፣ ድም። ኩራዟ ጠፋች፣ የባትሪው መብራትም እንደተበጠሰ ክር ቀረ። ውጭ ያለው ሰው "ምንም የለም፣ ድፍን ድንጋይ ነው" አለ፣ ኮቴያቸውም ራቀ።

ቀዝቃዛ እጅ ክንዴን ያዘኝ። "ወንድምዓለም፣ እንውጣ" አለኝ፣ የማርቆስ ድምፅ ነው። እንዴት እንደወጣን አላውቅም፣ ዋሻዋ ውስጥ ቆሜ ዓለቱን በመዳፌ ስዳብሰው ስንጥቅ እንኳ የለውም። ጋቢውን ታጣቂዎቹ ወስደውታል። የት ነበርክ ብዬ ስጠይቀው "እዚሁ" አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

በሳምንቱ ገጠር ዘመዶቻችን ጋ አሻገርኩት፣ ነገሩ ረገብ ሲል ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ከእኔው ጋር ሽመና ያዘ። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት፣ "ጠይቀውሃል አይደል? ከማን ለመንከኝ?" አለኝ።

ዋሸሁት። "ከብርሃኑ ነዋ፣ ከሌላ ከማን ልለምንህ?"

ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ አኖረው። "እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው" አለ ቀስ ብሎ። "ታዲያ ያኛው ለምን 'የእኔ' ይለኛል?"

አሁንም አብረን ነው የምንኖረው። ጤናው ደህና ነው፣ ሥራውም ደህና ነው፣ አንዳንዴ ብቻ እኔ የማልሰማው ሰው የጠራው ይመስል ሥራውን ትቶ ዞር ይላል። እውነቱን ልነግረው ስንቴ ተነስቻለሁ መሰለህ፣ ከነገርኩት ግን ተነስቶ የሚሄድብኝ ይመስለኛል፣ ወዴት እንደሆነ ደግሞ አላውቅም።