የዓሦቹ ዳቦ

መምህር ምንዋጋው የሞተውን ዓሣ ሆድ በምላጭ ሲከፍቱት ከፊት የተቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ያዙ። አመተ ማርያም ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ከአንጀቱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ትሎች ተጥመልምለው ወጡ። አንዳንዶቹ ገና ይንቀሳቀሳሉ።

«ለካ ትል ኖሯል!» አሉ መምህሩ። «የበሉትን ሁሉ ከውስጥ ሲቀማቸው ነው የከረመው። እኛ ደግሞ ረኃብ መስሎን።»

ወርቃማዎቹ ዓሦች አምስት ነበሩ። መምህሩ ስምንተኛ ክፍልን ሳይንስ ሊያስተምሩባቸው በመስከረም ከአዲስ አበባ ያመጧቸው፣ ለዓይን እንጂ ለምግብ የማይሆኑ ትንንሽ ዓሦች። ዓመቱ 1965 ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ከሰቆጣ ገበያ እህል ጠፍቷል። መምህሩ ግን በየጠዋቱ ከቁርሳቸው ቆርሰው ለዓሦቹ ዳቦ ያስቀምጡ ነበር። የሚመግቧቸው አመተ ማርያምና ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረው ጓደኛዋ ውዴ ነበሩ።

ዓሦቹ እየከሱ ሄዱ። ሆዳቸው ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን የክፍል አለቃው ደሞዝ «ዳቦው ሲጎድል አይቻለሁ» ብሎ ተናገረ። ሁሉም ውዴን አየ፤ ከሁሉም የከሳችው እሷ ነበረች። ዳይሬክተሩ ሌባ ብለው ከትምህርት ቤት አባረሯት። ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ ወደ አመተ ማርያም አንዴ ዞር ብላ አየች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት።

«እና ውዴ ትመለሳለች ማለት ነው?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ልጅ።

«ለምን ትመለሳለች?» አለ ደሞዝ። «ያከሳቸው ትል ቢሆንም ዳቦውን እኮ ሙጥጥ አድርጋ በልታለች!»

ልጆቹ ሳቁ። አመተ ማርያም አልሳቀችም። አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን ባዶ እጃቸውን መመለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ዳቦውን ከክፍሉ ጀርባ ቆማ ሳታላምጥ የዋጠችባቸውን ጠዋቶች አንድ በአንድ ታስታውሳለች። አራት ናቸው።

ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ ዳቦውን የበላሁት እኔ ነኝ። ውዴ አንዲት ፍርፋሪ አልነካችም። እያወቀችም አላጋለጠችኝም።»

መምህሩ ምላጩን አስቀመጡ።

«ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

«ዳይሬክተሩ ዛሬም ሊያባርሩሽ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

መምህሩ ወረቀት አውጥተው ለውዴ አባት መጻፍ ጀመሩ። መሐል ላይ ብዕራቸውን አቆሙ። «ዝቋላ ሩቅ ነው፤ ማን ያደርስልናል? ደግሞስ እስካሁን…» አሉና ተዉት። በመስኮቱ በኩል አውራ መንገዱ ይታያል። ከቆላ የመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ቁርበታቸውን ተሸክመው ወደ ደቡብ እየሄዱ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ያልታየበት ቀን የለም።

አመተ ማርያም ወደ መስኮቱ ተጠግታ ከሚያልፉት መሐል የውዴን ፊት ፈለገች። አላገኘችውም።

«ነገ ገበያ ነው» አለች። «የዝቋላ ሰዎች ሲመለሱ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ለአባቴ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።»

መምህሩ ቀና ብለው አዩዋት።

«ስሜንም ይጻፉበት» አለች። «ማን እንደበላው ይጻፉበት።»